ሳይቃጠል በቅጠል፦ የቬሱቪየስ ተራራ ታሪክ

 

ይህ ንግግር በሬዲዮ የተነገረ ነው። አሁን ደግሞ በጽሑፍ እጃችሁ ገብቷል። የሬዲዮ ድምፅ ቶሎ ያልፋል። ጽሑፍ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ አትቸኩሉ። አንድ ቃል ቢከብዳችሁ ቆም በሉ። ፊደሉን አንድ በአንድ ጥሩት። ከዚያ ቀጥሉ። ስትጨርሱም ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ተራራ ነው። ስሙ ቬሱቪየስ ይባላል። የሚገኘው በኢጣሊያ አገር፣ ናፖሊ ከተባለችው ትልቅ ከተማ አጠገብ፣ በባሕር ዳር ነው። ቁመቱ 1281 ሜትር ያህል ነው። ለኛ አገር ሰው ይህ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ እንኳ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ተራራ የሚፈራው ግን በቁመቱ ብቻ አይደለም። በሆዱ ውስጥ ባለው ነገርም ይፈራል።

አንድ ቀን ማታ ጎልማሶችን ሳስተምር የዚህን ተራራ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። ከተራራው ግርጌ ቤቶች ተጠጋግተው ይታያሉ። አንዲት እናት ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። ከዚያም፣ «መምህር፣ ይህ ተራራ እሳት የሚተፋ ከሆነ እነዚህ ሰዎች ምነው አይሸሹም?» ብለው ጠየቁኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ወደ 2000 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል። እስቲ አብረን እንሂድ። በመንገዳችን የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር ስናገር «ዓመተ ምሕረት» ብዬ አስታውቃችኋለሁ።

በመጀመሪያ እሳተ ገሞራ ምን እንደሆነ እንወቅ። የምንረግጠው መሬት ደረቅና ጠንካራ ነው። በጣም ወደ ታች ሲወረድ ግን ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። በአንዳንድ ቦታ ዐለቱ ራሱ ይቀልጣል። ይህ ቅልጥ ዐለት በውስጡ ጋዝ አለው። ጋዝ ስል ላምባ ማለቴ አይደለም። እንደ አየር፣ እንደ እንፋሎት ያለ ነገር ማለቴ ነው።

ጠላ ጠምቆ ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር አይከብደውም። ጠላ ሲፈላ ኩፍ ይላል፤ ይንተከተካል። ይህን የሚያደርገው ጋዙ ነው። መውጫ ካገኘ ቀስ ብሎ ይወጣል። ገና እየፈላ ያለውን ጠላ በጠርሙስ ሞልታችሁ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ብትዘጉትስ? ጠርሙሱ ይፈነዳል። የቬሱቪየስም ነገር እንዲሁ ነው። ቅልጡ ዐለት ወፍራም ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ አይወጣም። የተራራው አፍ ይደፈናል። ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዴም ለብዙ መቶ ዓመታት ተደፍኖ ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ይፈነዳል።

እኛም አገር እሳተ ገሞራ አለ። ዝቋላ የወጣ ሰው ከተራራው ጫፍ ላይ ሐይቅ አይቷል። ያ ሐይቅ ያለበት ጎድጓዳ ቦታ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው። በአፋር ምድር ደግሞ ኤርታ አሌ አለ። ስሙ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው። ስለዚህ የቬሱቪየስ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ለኛ ባዕድ አይደለም።

አሁን ወደ ጥንቱ ዘመን እንመለስ። በቬሱቪየስ ዙሪያ የሚኖሩት ሰዎች ስለ እሳትና ስለ ተራራ ብዙ አፈ ታሪክ ነበራቸው። አፈ ታሪክ ማለት ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የጥንት ወሬ ነው።

ሮማውያን ቩልካን የሚባል የእሳት አምላክ ነበራቸው። ቩልካን ብረት ቀጥቃጭ ነው ይሉ ነበር። ከመሬት በታች ወናፍ እየነፋ መሣሪያ ይሠራል፤ ጭሱና ፍንጣሪው በተራራ አፍ ይወጣል ይላሉ። በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ በዓል ያከብሩለት ነበር። በዚያ በዓል ትናንሽ ዓሦች እሳት ውስጥ ይጥሉ ነበር። ይህን የሚያደርጉት የእሳቱ አምላክ ዓሦቹን ወስዶ እኛን ይማረን ብለው ነው። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች እሳተ ገሞራ የሚጠራው ከዚሁ ከቩልካን ስም በወጣ ቃል ነው።

ሌላም ወሬ ነበር። በድሮ ጊዜ ግዙፋን የሆኑ ፍጥረቶች ከአማልክት ጋር ተዋጉ ይባላል። ሄርኩለስ የተባለው ኃይለኛ ጀግና አማልክቱን ረዳ። ግዙፋኑ ተሸነፉ። ከተራራ በታችም ተቀበሩ። እንግዲህ የተቀበረው ግዙፍ ሲገላበጥ መሬት ይንቀጠቀጣል፤ ሲተነፍስ እሳት ይወጣል ይሉ ነበር። ከተራራው ግርጌ የነበረች አንዲት ከተማ ሄርኩላኒየም የተባለችው በዚሁ በሄርኩለስ ስም ነው።

ይህ ሁሉ ተረት ነው ብለን አንናቀው። ተረቱ አንድ እውነት ይዟል። ከዚህ ምድር በታች እሳት አለ፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ ነበር ይላል። ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። መቼ እንደሆነ አይናገርም። ምን ማድረግ እንደሚገባም አይናገርም።

ሰዎቹም ተረቱን እያወሩ ተራራውን ረሱት። ተራራው አረንጓዴ ነበር። የወይን ተክል ከግርጌው እስከ ላይ ይወጣ ነበር። ፖምፔይ ከምትባል ከተማ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተገኝቷል። በሥዕሉ ላይ በወይን የተሸፈነ ተራራ አለ። ከጎኑ የወይን ጠጅ አምላክ የሚሉት ባኩስ የወይን ዘለላ እንደ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ይህን የሳለው ሰው ተራራውን የሚያውቀው ወይን የሚሰጥ ደግ ጎረቤት አድርጎ ነበር።

አንድ አስተዋይ ሰው ግን ሌላ ነገር አየ። ስትራቦ ይባላል። አገር ለአገር እየዞረ ያየውን የሚጽፍ ሊቅ ነበር። ከተራራው ጫፍ ላይ ያሉት ድንጋዮች አመድ መስለው፣ እሳት የበላቸው ሆነው አገኛቸው። ይህ ቦታ በጥንት ጊዜ እሳት ነበረበት፤ የሚያቃጥለው ነገር ሲያልቅበት ጠፋ ብሎ ጻፈ። ግማሹን በትክክል አወቀ። ግማሹን ተሳሳተ። እሳቱ አልጠፋም ነበር። ተኝቶ ነበር።

ተራራው ከመፈንዳቱ በፊት ምልክት ሰጠ። በ62 ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በፖምፔይ ብዙ ቤት ፈረሰ። ሴኔካ የተባለው ሊቅ ስለዚህ ሲጽፍ 600 በጎች በአንድ ላይ ሞቱ ይላል። በጎቹ አንገታቸውን ወደ መሬት ደፍተው ስለሚግጡ ከመሬት የወጣ ክፉ አየር ገደላቸው ብሎ አሰበ። ሰዎቹ ግን ምልክቱን ከተራራው ጋር አላገናኙትም። ቤታቸውን መልሰው ሠሩ። ኑሯቸውን ቀጠሉ። 17 ዓመት አለፈ።

ዓመቱ 79 ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ግድም ነው። ሮማውያንም እንደኛ ሰዓት የሚቆጥሩት ከጠዋት ፀሐይ ጀምሮ ነበር። ከተራራው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሚሴኑም የምትባል የጦር መርከቦች ወደብ ነበረች። የመርከቦቹ አዛዥ ፕሊኒ የሚባሉ የተማሩ ሰው ነበሩ። እህታቸውና የ17 ዓመት ልጇ አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። የልጁም ስም ፕሊኒ ነው። ስለዚህ አጎትየውን ታላቁ ፕሊኒ፣ ልጁን ታናሹ ፕሊኒ እንበላቸው።

የልጁ እናት ወደ ሰማይ አየች። እንግዳ ደመና ቆሟል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ከጫፉ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። የኛን ግራር አስቡ። ግንዱ ረጅም፣ አናቱ ሰፊ የሆነ የአመድና የጭስ ዛፍ ማለት ነው። አጎትየው ነገሩን ቀርበው ለማየት ፈለጉ። ልጁን «ትመጣለህ ወይ?» አሉት። ልጁ ግን አጎቱ የሰጡት የጽሕፈት ሥራ ነበረውና እሱን መጨረስ ፈለገ። ቤት ቀረ።

ታላቁ ፕሊኒ ከቤት ሊወጡ ሲሉ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን የላከችው ሬክቲና የምትባል ሴት ናት። ቤቷ ከተራራው ሥር ነው። በባሕር ካልሆነ ማምለጫ የላትም። አድኑኝ ብላ ጻፈች። ሰውየው ለማየት ሊሄዱ የነበሩት ሰው ለማዳን ሄዱ። ትልልቆቹን መርከቦች አስነሡ። ሌላው ሰው ከሚሸሽበት ቦታ እሳቸው ወደዚያው ቀዘፉ።

ትኩስ አመድና ድንጋይ በመርከቦቹ ላይ ይወርድ ጀመር። ወደ ዳር መጠጋት አልተቻለም። ስለዚህ ስታቢያ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። እዚያ ከወዳጃቸው ቤት አደሩ። ሌሊቱን ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከሰማይ ድንጋይ ይዘንባል። ሰዎቹ ትራስ በራሳቸው ላይ በጨርቅ አስረው ወጡ። ሊነጋ ይገባው ነበር፤ ግን ጨለማ ነው። ባሕሩም ተናውጧል። ታላቁ ፕሊኒ ከባሕሩ ዳር መተንፈስ አቃታቸው። ወደቁ። እዚያው ሞቱ።

ታናሹ ፕሊኒና እናቱስ? እነሱም በማግሥቱ ከሕዝቡ ጋር ከተማውን ለቀው ሸሹ። እናቲቱ አርጅታለች። «ልጄ፣ አንተ ሩጥ፤ እኔን ተወኝ» አለችው። እሱ ግን እጇን ይዞ አብሯት ሄደ። ከኋላቸው ጥቁር ደመና መጣ። መብራት እንደጠፋበት ዝግ ቤት ጨለመ። ሴቶች ያለቅሳሉ። ሕፃናት ይጮኻሉ። ባል ሚስቱን በስም ይጠራል። አንዳንዱ ወደ አማልክት ይጸልያል። ሌላው ደግሞ ዓለም አለቀ ይላል። ግዙፋኑ ከመቃብር ተነሥተው በተራራው ላይ ሲዘዋወሩ ታዩ ተብሎም ተወርቷል። እናትና ልጁ ግን በሕይወት ወጡ።

በፖምፔይ የሆነውን ደግሞ ስሙ። መጀመሪያ ለብዙ ሰዓት ቀላል ድንጋይ ዘነበ። ተረከዝ የምንፋቅበትን ቀዳዳ የበዛበትን ድንጋይ ታውቁት የለ? እሱን የመሰለ ነው። በዚያን ጊዜ ወዲያው የሸሸ ብዙ ሰው ዳነ። ንብረቴን ልጠብቅ፣ ይህም ያልፋል፣ ጣራ ሥር ልጠለል ብሎ የቀረው ግን ተጠመደ። በማግሥቱ ጠዋት ትኩስ ጋዝና አመድ ተደባልቆ ከተራራው እንደ ጎርፍ ወረደ። ይህ ደመና ከፈረስ ይፈጥናል። እሳት ባይታይበትም ያቃጥላል። ማንም በሩጫ አያመልጠውም። ሄርኩላኒየምን ቀድሞ በሌሊት አገኛት። ቀጥሎ ፖምፔይን ሸፈናት። በፖምፔይ ከ1000 የሚበልጡ ሰዎች አጽም ተገኝቷል። በሄርኩላኒየም ደግሞ ከባሕሩ ዳር በነበሩት የጀልባ ማስቀመጫ ክፍሎች ውስጥ የ300 ያህል ሰዎች አጽም ተገኝቷል። ጀልባ ሲጠብቁ ነበር።

ከተሞቹ ከመሬት በታች ገቡ። ሄርኩላኒየም ያለችው 20 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው። ከጊዜ ብዛት የከተሞቹ ቦታ እንኳ ተረሳ። ሄርኩላኒየምን በ1738፣ ፖምፔይን በ1748 ይቆፍሩ ጀመር። በ1863 ፊዮሬሊ የተባለ ሊቅ አንድ ብልሃት አገኘ። የሞቱት ሰዎች ሥጋ በአመዱ ውስጥ በስብሶ ባዶ ቦታ ትቶ ነበር። በዚያ ባዶ ቦታ ጀሶ አፈሰሰበት። ጀሶው ሲደርቅ የሰዎቹ መልክ ወጣ። ፊቱን በእጁ የሸፈነ አለ። ተደፍቶ የቀረ አለ። እንደተኛ የቀረ ሕፃን አለ። ያያቸው ሁሉ ዝም ይላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዝርዝር እንዴት አወቅን? ስለ እናትየው፣ ስለ ትራሱ፣ ስለ ሬክቲና ደብዳቤ ማን ነገረን? የነገረን ያ የጽሕፈት ሥራውን ለመጨረስ ቤት የቀረው ልጅ ነው። ታናሹ ፕሊኒ ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ታሲተስ ለተባለው ታሪክ ጸሐፊ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ አስቀመጠ። የዛሬ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ፍንዳታ በሱ ስም እስከ መጥራት ደርሰዋል።

የጻፉት ግን ትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በፖምፔይ ግድግዳዎች ላይ ተራ ሰዎች የጫሩት ጽሑፍ በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ሰላምታ አለ። ስድብ አለ። የፍቅር ቃል አለ። የዕቃ ዋጋ አለ። በ2018 ከነዚህ አንዱ ተገኘ። አንድ ሰው በከሰል ግድግዳ ላይ ቀን ጽፏል። ቀኑ በአውሮፓውያን ጥቅምት ወር አጋማሽ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ተራራው የፈነዳው በነሐሴ ነው ይሉ ነበር። የከሰሉ ጽሑፍ ግን ነገሩን ወደ ጥቅምት እንዲመልሱት አደረጋቸው። አያችሁ? ስሙ ያልታወቀ ሰው በከሰል የጻፈው አንድ መስመር ብዙ መጻሕፍትን አሳረመ።

በሄርኩላኒየምም በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ብዙ መቶ ጥቅል መጻሕፍት ተገኝተዋል። ሙቀቱ አክስሏቸው ከሰል መስለዋል። ቢከፍቷቸው ይፈረካከሳሉ። በ2023 ግን ጥቅሉን ሳይከፍቱ በራጅና በኮምፒዩተር ቃላት አነበቡባቸው። ጽሑፍ በእሳት ውስጥ አልፎ እንኳ ይቆያል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ጽሑፍ የሚወረሰው የሚያነበው ሲኖር ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ድንጋይ አለ።

ከ79 በኋላ ቬሱቪየስ ብዙ ጊዜ ፈንድቷል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሰውም እንደገና ረሳው። ዛፍ እስከ ተራራው አፍ ውስጥ በቀለ። እረኞች ከብታቸውን በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያሰማሩ ነበር። በታኅሣሥ 16 ቀን 1631 ተራራው ፈነዳ። ከ3000 በላይ ሰው ሞተ። የናፖሊ ሕዝብ የከተማውን ጠባቂ የቅዱስ ጄናሮን አጽም ይዞ በምሕላ ወጣ። ከተማዋ ዳነች። የናፖሊ ሰው ዛሬም ይህን ይተርካል። ከአንድ ድልድይ ላይ የቆመው የቅዱሱ ሐውልት እጁን ወደ ተራራው ዘርግቶ «ቁም» የሚል ይመስላል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1632፣ ናፖሊን የሚገዛው የስፔን ንጉሥ እንደራሴ አንድ ትልቅ የድንጋይ ጽሑፍ አሠራ። ድንጋዩ ከተራራው ግርጌ በምትገኘው በፖርቲቺ ከተማ በመንገድ ዳር ቆመ። የሚናገረው ገና ላልተወለዱት ነው። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው። የልጅ ልጆቻችን ሆይ፣ ይህ ተራራ አልሞተም፤ ይመለሳል። ከመፈንዳቱ በፊት ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል፣ ይጨሳል። ምልክቱን ስታዩ ሽሹ። ቤቱንና ዕቃውን ከነፍሱ አስበልጦ የቆየ ሁሉ ጠፍቷል።

እንዴት ያለ ጥሩ ምክር ነው! ተረቱ ያልተናገረውን ነገር ተናገረ። ምልክቱ ምን እንደሆነ ነገረ። ምን ማድረግ እንደሚገባም ነገረ። አንድ ችግር ግን ነበረ። ጽሑፉ የተጻፈው በላቲን ነው። ላቲን የካህናትና የተማሩ ሰዎች ቋንቋ ነበር። ከተራራው ሥር የሚኖሩት ግን ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አብዛኞቹ የገዛ ቋንቋቸውን እንኳ ማንበብ አይችሉም ነበር። በየቀኑ አህያቸውን እየነዱ በድንጋዩ አጠገብ ያልፋሉ። ድንጋዩ «ሽሹ!» ይላል። እነሱ አይሰሙትም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ምክሩ ተጽፏል። የተጻፈላቸው ሰዎች ግን አላነበቡትም።

ተራራው ግን ማንንም አልጠበቀም። በ1794 ቅልጡ ዐለት ቶሬ ዴል ግሬኮ የተባለችውን ከተማ አጠፋ። ሰዎቹ እዚያው ላይ መልሰው ሠሯት። በ1906 አመዱ በጣራ ላይ ተከመረ። አመድ እንደ ዱቄት ቀላል ይመስላል፤ ሲከመር ግን ጣራ ይሰብራል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው ገደለ። በ1944 መጋቢት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንደገና ፈነዳ። 26 ሰዎች ሞቱ። ሳን ሴባስቲያኖ የምትባል ከተማ በቅልጥ ዐለት ፈረሰች። ከ1944 ወዲህ ተራራው ዝም ብሏል።

ዛሬ ግን ዝምታውን የሚያዳምጥ አለ። በ1841 የተራራውን ጠባይ የሚከታተል ጣቢያ ተመሠረተ። እንዲህ ያለ ጣቢያ በዓለም የመጀመሪያው ነው። በ1872 ተራራው ሲፈነዳ የጣቢያው ኃላፊ ሉዊጂ ፓልሚዬሪ ከሥራ ቦታው አልሸሸም። እዚያው ሆኖ መሣሪያዎቹን እያየ ይመዘግብ ነበር። አሁንም ሊቃውንት ሌትና ቀን ይከታተላሉ። የመሬቱን መንቀጥቀጥ ይለካሉ። የተራራው ሆድ ተነፍቶ እንደሆነ ይለካሉ። የሚወጣውን ጋዝ ይመረምራሉ። አደጋውን በአራት ቀለም ይናገራሉ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ። ቀይ ከተባለ ሕዝቡ በ72 ሰዓት ውስጥ ቦታውን እንዲለቅ እቅድ ወጥቷል። የትኛው ከተማ ወደየት እንደሚሄድ ተጽፏል።

አደገኛ በሆነው ቦታ የሚኖረው ሕዝብ ከ600 ሺህ ይበልጣል። እንግዲህ ወደ እናትየው ጥያቄ ደረስን። ምነው አይሸሹም?

አንደኛ፣ አፈሩ ለም ነው። የተራራው አመድ ከዘመን ብዛት ጥሩ አፈር ይሆናል። ወይኑም ቲማቲሙም እዚያ ይሰምራል። ገዳዩም መጋቢውም ያው ተራራ ነው። ሁለተኛ፣ የሰው ዕድሜ አጭር ነው፤ የተራራ እንቅልፍ ረጅም ነው። አያቱ ያላየውን ነገር ሰው በቀላሉ አያምንም። ሦስተኛውን መልስ የነገሩኝ ግን እኚያው እናት ናቸው። እኔ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አገራቸው ነዋ፣ ልጄ! የት ይሂዱ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለዘለዓለም መሸሽ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ ማወቅና በጊዜ መውጣት ነው። በፖምፔይ የዳነው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የወጣው ነው። የሞተው የቆየው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። መጸለይም ጥሩ ነው። የሚጸልይ ሰውም እግር አለውና ይሂድ።

ወደ አገራችን ልመለስና ልጨርስ። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈነዳ። አመዱ በአካባቢው መንደሮችና ግጦሽ ላይ ወረደ። የአመዱ ደመና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ። ይህ ተራራ ከዚያ በፊት መፈንዳቱን የሚናገር የተጻፈ ታሪክ የለም። ምናልባት የጥንት ሰዎች አይተው ይሆናል። ግን ጽፎ ያቆየልን የለም።

አሁን እናንተ መጻፍ ትችላላችሁ። ስለዚህ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። እሳተ ገሞራ በየቦታው የለም። ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የመሬት መንሸራተት፣ የከብት በሽታ ግን በየመንደሩ አለ። ወደ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሂዱ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በዚህ መንደር በድሮ ጊዜ ምን አደጋ ደረሰ? ከመድረሱ በፊት ምን ምልክት ታየ? የዳኑት ሰዎች በምን ዳኑ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ዓመቱንና ወሩንም ጻፉ። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። የፖምፔዩ ሰው በከሰል አይደል የጻፈው?

ስትጽፉ ግን የፖርቲቺን ድንጋይ አስታውሱ። ልጆቻችሁና ጎረቤቶቻችሁ በሚሰሙት ቋንቋ ጻፉ። ጽፋችሁም አትደብቁት። አንብቡላቸው።

ደህና ሁኑ። በሰላም ያገናኘን።